ምሳ ይዘን ነው የመጣነው

ክፍሏ ገና በሩ ሲከፈት በጠረኗ ተቀበለችን፤ በረኪናና የረጠበ ብርድ ልብስ። መስኮቷ የጫማ ካርቶን ታህላለች፤ በእሷ በኩል የፖሊስ ጣቢያው በር ይታያል።

አብረውኝ የተያዙት እማማ ናቸው፣ የካ ሚካኤል አካባቢ ጎረቤቴ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በጦርነቱ ተለያይተው አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ወገን ቆመዋል። «የትኛው እንዲያሸንፍ ልጸልይ?» ብለው ያለቀሱ ቀን ነው የሴቶች እድራችን የሰላም ጉዞውን ያሰበው። ነጠላ ለብሰን፣ እርጥብ ሳር ይዘን፣ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ መገናኛ ልንሄድ ነበር። እኔን አስተማሪ ስለሆንኩ «አንቺ አፍ አለሽ» ብለው አስተባባሪ አደረጉኝ። አፍ ያለው መጀመሪያ ይታሰራል፤ ልንነሳ ስንል ፖሊሶች ሁለታችንን ወሰዱን።

የጣቢያው ኃላፊ ስልኬን አቀበለኝ።

«ሴቶቹ አልተበተኑም። ደውይና ጉዞው ቀርቷል በያቸው፤ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

ፈራሁ። ከሥራ ብባረር ልጆቼን ምን አበላለሁ? እማማን አየኋቸው። ስልኩን መልሼ ሰጠሁት።

«አልደውልም» አልኩት። «እግራቸው የራሳቸው ነው።»

«እንግዲህ ራስሽ ታውቂያለሽ» ብሎ በሩን ቆለፈው።

የረሳው ነገር ነበር። በእኛ ሰፈር ሰው ታስሮ ቤቷ የምትቀመጥ ሴት የለችም።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ እማማ ከመስኮቷ «ኧረ ነይ፣ ነይ እይ!» አሉኝ። ዳገቱ ቁልቁል ነጠላ ብቻ ሆኗል። ሁሉም ምሳ ዕቃ ይዘዋል፤ ክዳኑ ላይ እርጥብ ሳር ሰክተዋል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አለ የበሩ ጠባቂ።

«የታሰሩ ልንጠይቅ ነዋ! ምሳ ይዘን ነው የመጣነው» አለችው ከፊት ያለችው፣ ጉርድ ሾላ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን።

እስረኛ መጠየቅ ክልክል አይደለም። ደንቡ ደግሞ ጠያቂ ያመጣችውን በጠባቂው ፊት ቀምሳ ታስገባ ይላል። ቀመሱ። ቀስ ብለው እያላመጡ፣ በየመሃሉ ውሃ እየጠየቁ ቀመሱ። ወረፋው አስፋልቱን ይዞ እየረዘመ ሄደ። ታክሲዎች ቆሙ። መንገደኛው ሁሉ «ምን ሆናችሁ ነው?» ሲላቸው «ጦርነት ይብቃ ብለን ነው» ይሉታል። ጠባቂው ሳሩን ከየክዳኑ እየነቀለ እግሩ ሥር ሲጥል፣ የጣቢያውን በር ለዓመት በዓል የተጎዘጎዘ ቤት አስመሰለው። «ያ ዋቅ!» አሉ እማማ እየሳቁም እያለቀሱም፤ ፈጣሪን የሚጠሩት ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። እኔም ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ እልል አልኩ። ምሳው ለሌሎቹ እስረኞች ሁሉ፣ ለፖሊሶቹም ተረፈ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው በሩን በረገደው።

«በቃ ተፈታችኋል። እናቴ፣ በፈጠረዎት፣ ሴቶቹን ይዛችሁ ሂዱልኝ።»

እማማ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«ልጄ፣ ገና ተራ ያልደረሳቸው አሉ እኮ። ምግብ ይዞ የመጣን ሰው እንዴት ከደጅ እንመልሳለን? የመጨረሻዋ ትግባና እንወጣለን።»

እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ግንባሩን አሻሸ፤ ሊቆጣ መስሎኝ ነበር። ወጣና ራሱ በሩ ላይ ቆሞ «ቀጣይ!» ሲል ሰማሁት።

ዛሬ ሰዎች «ያ የከለከሏችሁ ጉዞ» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ማን ከለከለን? ጦርነቱ በእኛ ምሳ እንዳልቆመ አጥቼው አይደለም። ግን እናቶች ይብቃ ሲሉ ከተማው በጠራራ ፀሐይ ሰምቷል። መገናኛ አልደረስንም እንጂ ሄደናል።