ጭልጋ የተገኘው ሞተር

አለቃዬ ካረፉ በኋላ ባለቤታቸው ጋራዡን እንድሠራበት ተዉልኝ። ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ያለ ጠባብ ግቢ ነው፤ ከፒያሳ በእግር ቅርብ። እዚያ መኪና ስጠግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በግቢው ጥግ፣ በቆርቆሮ ዳስ ስር፣ ማንም እንዳይነካት የተከለከለች አንዲት መኪና ነበረች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ ሸራ የሆነ፣ ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና ነች። አለቃዬ በወጣትነታቸው ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ ነጋዴ ገዝተዋት ነበር። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አቧራዋን ይጠርጉላት ነበር፤ ሞተሯን አስነስተው ጥቂት ያዳምጡና መልሰው ያጠፉት ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ መንዳቱን ትተውት ነበር።

ባለቤታቸውን እትዬ ነው የምላቸው። የጉልበታቸው ሕመም ሲጸናባቸው ባሕር ዳር ካለችው ልጃቸው ጋር ሊኖሩ ወሰኑ። አንድ ቀን ዳሱ ስር ቆመው፣ «እኔ ከሄድሁ ይችን ማን ያያታል? ዝገት ይበላታል። ለሚወዳት ሰው ሽጥልኝ» አሉኝ።

አዲስ አበባ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው እንዳለ ሰምቼ ፎቶዋን ላክሁለት። በማግስቱ ደወለልኝ።

«ሊብሬዋ አለ?»

«አለ።»

«የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይገጥማል?»

«እንዴታ!» አልሁት። ሳላይ ነው ያልሁት።

«እንዲህ ያለች መኪና ከፋብሪካ ከወጣችበት ሞተር ጋር ስትገኝ ብርቅ ናት። ባለሙያ እልካለሁ» ብሎኝ ስልኩን ዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ኮፈኗን ከፍቼ የሞተሩን ጎን በቤንዚን አጠብሁት። የቆየው ቅባት ሲለቅ ቁጥሩ ብቅ አለ። ሊብሬውን አየሁ፤ ደግሜ ሞተሩን አየሁ። አይገናኝም። የመኪናዋ አጽም በሆነው ሻንሲ ላይ ያለው ከሊብሬው ጋር ልክ ነው፤ ሞተሩ ግን የሌላ መኪና ሞተር ነው። እኔ ጋራዡ ከመግባቴ በፊት ተቀይሯል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ። በመዶሻ ሲመቱ ብረት ላይ ቁጥር የሚያትሙ ትናንሽ ብረቶች ነበሩኝ። የድሮውን ቁጥር በግራይንደር ልጌ፣ የሊብሬውን አትሜበት፣ ጥቁር ዘይት ብቀባው ማን ያውቃል ብዬ አሰብሁ። ለራሴ አንዲት ሳንቲም አልፈለግሁም። ሽያጩ ተበላሽቶ እትዬ አዝነው እንዳይሄዱ ነበር። ሰው ክፉ ሲሠራ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ሲል ነው መሰለኝ።

ግራይንደሩን ሰክቼ ልጀምር ስል እትዬ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገቡ።

«ምነው በጠዋቱ? ምን ልትቆርጥ ነው?»

ልዋሻቸው ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ሁሉን ነገርኋቸው። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

«እሱ በዚች ከተማ ዕድሜ ልኩን መኪና ሸጧል፤ ገዝቷል። አንድ ሰው እዚህ በር ላይ መጥቶ ‹አታለልኸኝ› ሲለው ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም እትዬ።»

«ታዲያ ከሞተ በኋላ ልታስዋሸው ነው?»

ግራይንደሩን ነቀልሁት። እሳቸውም ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ ቀለል ባለ ድምፅ፣ «ደግሞስ ምን ያደክምሃል? ሞተሯ እኮ ጭልጋ ነው ያለ» አሉኝ።

ልጃቸው በተወለደች ዓመት ሞተሩ ተበላሽቶ ነበር። መለዋወጫ ከየትም ጠፋ። አለቃዬ ከሌላ የጣሊያን መኪና ሞተር አውርደው ገጠሙላት። የተበላሸውን ሞተር፣ ለወፍጮ ያህል እንዲሠራ ጠጋግነው፣ ወፍጮ ሊያቆም ላሰበ አንድ የጭልጋ ገበሬ ሰጡት። ሰውዬው ለአለቃዬ ለቅሶ እስከ ጎንደር መጥተው እንደነበር እትዬ አስታወሱኝ።

በዚያው ጠዋት አዲስ አበባ ደውዬ፣ «ዋሽቼሃለሁ፤ ሳላይ ነው የነገርሁህ። ሞተሩ የሌላ ነው፤ የራሷን እየፈለግን ነው» አልሁት። ይዘጋብኛል ብዬ ነበር። «እሺ፣ ፈልጉ። እጠብቃለሁ» አለኝ።

በሳምንቱ በአንድ ፒክአፕ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ወዳለችው ጭልጋ ሄድን። እትዬ በዚያ ጉልበታቸው እንዲቀሩ ብለምናቸውም ሊብሬውን ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ቀድመውኝ መኪና ውስጥ ተቀመጡ። የሰውዬው ቤት ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ይላል። ጥርሳቸው ያለቀ፣ ወገባቸው ግን ያልጎበጠ ሽማግሌ ናቸው።

«ምነው ደጅ ቆማችሁ? ግቡ እንጂ!»

ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ «አያ፣ ያ የወፍጮ ሞተር አለ ይሆን?» አልኋቸው።

ሳቁ። ለባለቤታቸው በቅማንትኛ አንድ ነገር ተናገሩና ከቤቱ ጀርባ ወሰዱን። መብራት ገብቶ ወፍጮው በኤሌክትሪክ ከሆነ ወዲህ ሞተሩን የነካው ሰው የለም። ገለባና አሮጌ ጆንያ ለብሷል፤ ከላዩ ዶሮ ታቅፋበታለች። የሽማግሌው ባለቤት ዶሮዋን ከነጎጆዋ ቀስ አድርገው እስኪያነሷት ጠበቅን።

በሆዴ ተኝቼ ጎኑን በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ሊብሬውን ያዙ። እኔ አንድ ቁጥር አነባለሁ፤ እሳቸው «አዎ» ይላሉ። የመጨረሻው ዝገት በልቶት አልታይ አለኝ። ጣቴን አስኬድሁበት።

«ሰባት ይመስለኛል።»

ቀና ብዬ ሳይ እትዬ መነጽራቸው ስር እንባ አለ።

«ሰባት ነው» አሉ።

የሽማግሌው ባለቤት ነገሩ ሳይገባቸው እልል አሉ።

ዋጋውን ስንጠይቅ ሽማግሌው ተቆጡ። «ባልሽ እንዲያው ነው የሰጠኝ። እንዲያው የተሰጠኝን አልሸጥም። ቤንዚን ሲጠጣ ለጉድ ነበር እንጂ ስንት ክረምት እህል ፈጭቶልኛል፤ ሸጋ ሞተር ነው።» ከዚያ ጥቂት አሰቡና፣ «ማኪናይቱን ግን አይቻት አላውቅም። አንድ ቀን አሳዩኝ» አሉን። ጎረቤት ተጠርቶ ሞተሩ ተጫነ።

ባለሙያዋ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣች። ወንድ ስጠብቅ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ልጅ ሆነች። ሻንጣዋ ውስጥ የእጅ ባትሪ፣ አጉሊ መነጽር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ ስስ ወረቀትና እርሳስ አለ። ማግኔቱን በመኪናዋ አካል ላይ ቀስ እያለች ታስኬድ ነበር። በግራ በኩል ያለው የጭቃ መከላከያ ላይ ሲደርስ አልይዝ አለ።

«እዚህ ስቱኮ አለ፤ ተጋጭቶ የተሞላ ነው።»

«ቀሐ ላይ ነው» አሉ እትዬ። «ጥምቀትን ልናይ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ስንወርድ ከአጥር ጋር አጋጫት። ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነበር።» ልጅቱ እየሳቀች ጻፈችው።

ከዚያ ወረቀቱን ሻንሲው ቁጥር ላይ አድርጋ በእርሳስ ፈገፈገችበት፤ ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከጭልጋ በመጣው ሞተር ላይም እንዲሁ አደረገች። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዛ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ሦስት ቁጥሯን ይዩዋት። አናቷ ጠፍጣፋ ነው። ሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ በአንድ መምቻ የተመቱ ናቸው። ደግሞ ከቁጥሩ ስር ያለው ብረት ሻካራ ነው፤ ከቀለጠ በኋላ እንደፈሰሰ ነው ያለው። የተላገ ቢሆን ልሙጥ ይሆን ነበር። ልሙጥ ካየሁ ሌላውን ሳልመረምር ነው ተነሥቼ የምሄደው።»

ቢጨንቀኝም ልነግራት ወሰንሁ፤ ግራይንደሩን ሰክቼ እንደነበር ነገርኋት።

«ማን አስቆመዎት?»

ወደ እትዬ አመለከትሁ። ልጅቱ ወደ እሳቸው ሄዳ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች።

መኪናዋ ከሁለት ሞተር ጋር ተሸጠች፤ አንዱ የሚያስነዳት፣ አንዱ የተወለደችበት። የቀሐው አጥር፣ የተቀየረው ሞተር፣ ወፍጮው፣ ሁሉም ውሉ ላይ ሰፈረ። ገዢው ያን ታሪክ እንደወደደው ነግሮኛል።

የሚወስዳት የጭነት መኪና ከመምጣቱ በፊት ሽማግሌውን ከጭልጋ አስመጣናቸው። ነጭ በነጭ ለብሰው ነበር። አጠገቤ አስቀምጬ ሸራውን ገልጬ በፒያሳ አልፌ ወደ ቀሐ ወረድሁ። ባጃጆች ቆመው ያዩናል፤ ወጣቶች በስልክ ያነሡናል። ሽማግሌው ጥምጥማቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ለማያውቁት ሰው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣሉ። ግማሽ መንገድ ላይ ጆሯቸውን ወደ ፊት ሰጥተው አዳመጡ።

«ይኼኛው ሞተር ልል ነው» አሉኝ። «የኔ ይሻላል።»

ያች ባለሙያ ልጅ ከዚያ በኋላ ሥራ ላከችልኝ። በሰሜን በኩል አሮጌ መኪና ተገኘ ሲባል ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። ደባርቅ ሄጃለሁ፤ ደብረ ታቦርም ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ የተላገ ቁጥር አግኝቼ ለባለቤቶቹ ፊት ለፊት ተናግሬያለሁ። አንደኛው ሰድቦኛል፤ ሌላኛው አመስግኖኛል።

ከእያንዳንዱ ጉዞ ስመለስ ባሕር ዳር እደውላለሁ። እትዬ ስለ ጉልበታቸው ትንሽ ካማረሩ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ያስነግሩኛል። ባለፈው ጊዜ፣ ያን ጠዋት ባይመጡ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አንሥቼ ላመሰግናቸው ሞከርሁ።

«ተው እንግዲህ» አሉኝ። «ይልቅ ልጆችህን ይዘህ ለፋሲካ ና።»

ትኬት ቆርጫለሁ።