ሂርሲ የተረጎመው ሹፌር

ሂርሲ የማይንቀው ሰው አልነበረም። ያደገው ድሬዳዋ፣ የተማረው አዲስ አበባ፣ የሚኖረው ሀርጌሳ ኮድቡር ሰፈር ነው። እኔም የድሬ ልጅ ስለሆንኩ ስንገናኝ የምናወራው በአማርኛ ነው፤ ስድብ ደግሞ በአማርኛ ያምርለታል። አንድ የሀርጌሳ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ አርታኢ ሆኖ ሠርቷል። ሹማምንቱን ንግግራቸውን እያረመ ስለሚያወጣላቸው ይንቃቸዋል። አንባቢውን ጋዜጣውን የስኳር መጠቅለያ ስለሚያደርገው ይንቀዋል። የጋዜጣውን ባለቤት አቦኮርን ግን ከሁሉም አብልጦ ይንቀዋል፤ አቦኮር የገዛ ጋዜጣውን አንብቦ አያውቅማ።

ከንቀቱ ያመለጠው የታተመ ቃል ብቻ ነበር። አንዲት ፊደል ብትሳሳት ማተሚያ ያስቆማል። በአፍ ለሚባል ነገር ግን ደንታ የለውም። «አፍ ነፋስ ነው» ይላል።

ጋዜጣ የሚገዛ ሰው እየጠፋ ሲሄድ አቦኮር ናይሮቢ ስልጠና ሄደና አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ተመለሰ። ባጁን ለብዙ ቀን አላወለቀውም። ሠራተኞቹን ሰብስቦም፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጋዜጣ አይደለንም፤ ሚዲያ ነን። ፖድካስት እንሠራለን፣ ቪዲዮ እንሠራለን» አለ። ሥራውን የምታስጀምር ናስተሆ የምትባል ቀልጣፋ ወጣት ቀጠረ። እሷም ያልተሸጡ ጋዜጦች የሚከመሩበትን ክፍል አስጠርጋ፣ ግድግዳውን ስፖንጅ አልብሳ፣ ስቱዲዮ አደረገችው።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ላይ የተቀመጠው ራሱ አቦኮር ነው። ሱፍ ለብሶ፣ የታሸገ ውሃ ፊቱ ደርድሮ፣ የፊት ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ያየው ዘመዱ ብቻ ነው፤ ዘመዶቹም እስከ መጨረሻው አላዩትም።

አንድ ቀን ናስተሆ፣ ሂርሲ አንዱን ዘጋቢ በስድብ ሲያብጠለጥለው ሰማች። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀረበችውና፣

«አደር ሂርሲ» አለችው። አደር ማለት አጎቴ እንደማለት ነው። «ይህንኑ ማይክ ላይ ይበሉልኝ።»

«ማንን ልስደብ?»

«ያሻዎትን።»

ገባና አድማጩን ሰደበ። «እናንተ ማንበብ የሰለቻችሁ» ብሎ ጀመረ፤ «ጆሮ ስላላችሁ ብቻ ሰው የሆናችሁ የሚመስላችሁ» ብሎ ቀጠለ። አገር ምድሩ ወደደው። የባጃጅ ሾፌሮች ድምፁን ከፍ አድርገው ይከፍቱት ጀመር። ገበያ ውስጥ ሰዎች እጁን ይዘው፣ «አደር፣ በአላህ፣ እኔንም ስደበኝ» ይሉታል። ስድቡን እንደ ምርቃት ይቀበሉታል። እሱም በዚሁ የባሰ ናቃቸው፤ በናቃቸው ቁጥር አድማጩ በዛ።

አቦኮር ይህን ሲያይ፣ «እንግዳ እናምጣለት» አለ። «ሰው የሚስቅበት እንግዳ።»

ያመጡለት እንግዳ ገመቹ ነው። ከበርበራ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሶማልኛው ከገበያ አያልፍም። በቢሮው አማርኛ የሚያውቅ ሂርሲ ብቻ ስለሆነ፣ ሰውየው በአማርኛ ይናገራል፣ ሂርሲ ይተረጉማል ተባለ። ገመቹ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ማይኩ እንዳይሰበርበት እየፈራ ራቅ ብሎ ተቀመጠና እንዲህ ሲል ተናገረ፦

«መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝ። ደረቅ የነበረው ወንዝ ድንገት ሞልቶ መኪናዬን ወሰደው፤ የጎን አጥንቴ ተሰበረ። ፋዱሞ የምትባል እናት ከግመሎቿ ጋር ደረሰችልኝ። እስክነሣ ድረስ ጎጆዋ ውስጥ አስተኝታ ወተት አጠጣችኝ። ቋንቋ እንኳ አንግባባም። ድኜ ላመሰግናት ስመለስ ሰፈሩ ተነሥቶ ሄዷል። እስከ ዛሬ ከበርበራ በተመለስኩ ቁጥር አንድ ከረጢት ሩዝ ለእሷ እይዛለሁ፤ በየመንደሩም እጠይቃለሁ።»

ከመስታወቱ ወዲያ አቦኮር ሁለት እጁን እያወዛወዘ «አስቃቸው» ይለዋል። ሂርሲም ወደ ማይኩ ጠጋ ብሎ በሶማልኛ፣ «ይህ ሰው አሮጊት ሚስት ይፈልጋል። ለጥሎሽ አንድ ከረጢት ሩዝ ጭኖ በየመንደሩ ይዞራል። እናታችሁን መዳር የምትፈልጉ ስልክ ቁጥራችሁን ላኩ» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ገመቹም ሰው ሲስቅ ዝም ማለት ነውር መስሎት አብሮ ሳቀ። ሲወጣ የሂርሲን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምናልባት የሚያውቃት ሰው ይሰማ ይሆናል» አለው።

እኔ ይህን ስሰማ ሻይ ቤት ድረስ ሄጄ ያዝኩት። «ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ምን አደረግሁ? ነፋስ ለሚወድ ሕዝብ ነፋስ ሰጠሁት» አለኝ፣ ሻዩን እያማሰለ። ያን ቀን እኔም ናቅሁት።

ድምፁ ከተለቀቀ ከጥቂት ቀን በኋላ ናስተሆ ቪዲዮውን ልታወጣ ተነሣች። ሰው ሚኒባስ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ፣ ከምስሉ ሥር ጽሑፍ ያስፈልጋል። የገመቹን አማርኛ በሶማልኛ እንዲጽፍላት ሂርሲን ጠየቀችው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ጻፈ፣ አጠፋ። ተነሥቶ ዞር ዞር አለ። ተመልሶ ተቀመጠና ሰውየው ያለውን እንዳለ፣ ቃል ሳይጨምር ቃል ሳይቀንስ ጻፈው።

ናስተሆ አነበበችው። «አደር፣ ይሄ እርስዎ ከተናገሩት ጋር አይገጥምም።»

«አይገጥምም።»

«የቱ ነው ትክክሉ?»

«የተጻፈው።»

ልጅቷ ትንሽ አየችው። ከዚያ አቦኮርን ሳትጠይቅ ለቀቀችው።

ኋላ እኔ ለምን እንዲያ እንዳደረገ ስጠይቀው፣ «ጽሑፍ ነዋ!» ብሎ እንደ ደደብ አየኝ።

ቪዲዮው ከተማውን አዳረሰ። ከሥር የምስኪኑ ሰውዬ ቃል ይነበባል፤ ወዲያው ሂርሲ አፉን ሞልቶ ይቀልዳል። ስደበን ሲሉት የከረሙት ሁሉ አሁን እነሱ ሰደቡት፤ ያውም ከልባቸው። አቦኮር ጠረጴዛ እየደበደበ ገባ። ናስተሆ ስንት ሰው እንዳየው ስታሳየው ግን ፊቱ እንደ ሠርግ ቤት በራ።

«ሂርሲ ወንድሜ» አለ፣ «ይህን በየሳምንቱ ማድረግ ትችላለህ?»

«ምኑን?»

«መዋሸትና መጋለጡን!»

ሂርሲ መልስ ለመስጠት እንኳ ናቀው።

በዚያው ሰሞን ወደ ቢሮው ስልክ ተደወለ። ያነሣው ሂርሲ ነው። የደወለችው ዓኒሳ የምትባል ሴት፣ «ፋዱሞ እናቴ ናት። ግመሎቹ በድርቅ ካለቁ በኋላ ወደ ከተማ አምጥተናት አብራን 26 ጁን ሰፈር ናት» አለችው። አቦኮር ሂርሲ የእናትየውን ስም ሲደግም ከበር ላይ ሰምቶ፣ «ካሜራ! ሩዙንም ሁለት ከረጢት አድርጉት፣ አንድ አይታይም!» እያለ ተወራጨ።

ሂርሲ ስልኩን ዘጋና፣ «ሌላ ፋዱሞ ናት» አለው። በአፉ ነው፤ አልከበደውም።

ገመቹ በሀርጌሳ ሲያልፍ ጠብቀነው ሦስታችን በባጃጅ ሄድን፤ ከረጢቱን የሚያግዝ ሰው ስላስፈለገ እኔም ነበርኩበት። መንገድ ላይ ሂርሲ ምን ብሎ እንደተረጎመው ለገመቹ አንድ በአንድ ነገረው። ገመቹ ቪዲዮውን አይቶት ነበር፤ ሰው የሳቀው በምን እንደሆነ ግን፣ ሁሉም ስላፈረ፣ ማንም አልነገረውም።

«እኔም'ኮ ስቄያለሁ» አለ ገመቹ። «ከእነሱ ጋር አብሬ ሳቅሁ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለ ሂርሲ። ቃሉን ለምዶት ስለማያውቅ አፉ ላይ ተደነቃቀፈ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እሷን እንይ።»

ፋዱሞ በአጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ምላሷ ግን አልደከመም። ገመቹ ተንበርክኮ እጇን ሳመ። ፊቱን በጣቷ ዳሰሰችና በሶማልኛ ተናገረች፤ ሂርሲ ይተረጉማል።

«ወድቆ ያነሣሁት ሰው ብዙ ነው፤ የትኛው ነህ? ትላለች።»

ገመቹ ጎኑን አሳያት። «አጥንቴ የተሰበረው።»

«አጥንቱ ያልተሰበረ ማን መጥቶ ያውቃል? ትላለች።»

ገመቹ ራሱን ነቀነቀ። ሴትየዋ ትንሽ አሰበችና፣ «መኪናህስ ከወንዙ ወጣ?» ብላ አስጠየቀችው።

«አልወጣም።»

«ግመል ቢሆን ይወጣ ነበር፣ ትላለች» አለ ሂርሲ።

ገመቹ እንባው እየወረደ ሳቀ። ሩዙን ዓኒሳ ተቀብላ ወደ ጓዳ አስገባችው። ፋዱሞ ግን ከመሄዱ በፊት ወተት እንዲጠጣ አዘዘች፤ ወተቱ ከሱቅ የተገዛ ስለሆነም እሱ እስኪጨርስ ድረስ ወተቱን ስትረግም ቆየች። ስንወጣ ገመቹ ሂርሲን ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወደ መኪናው ሄደ። ይቅር ማለቱ ይሁን ስንብት፣ ሂርሲም አልጠየቀ።

አቦኮር ግን ጉዳዩን አልተወውም። ከገበያ አንዲት አሮጊት፣ ከመኪና ተራም ገመቹን የሚመስል ሰው ቀጥሮ፣ ሁለት ከረጢት አስደርድሮ፣ ሙዚቃ ጨምሮበት የመገናኘቱን ቪዲዮ ሠራ። ናስተሆ አልቀርጽም ብላ ወጣች። ሂርሲም በዚያው ቀን መልቀቂያውን ጻፈ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፣ ስህተት የለበትም። አሁን ኮድቡር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የሰው ሰነድ ይተረጉማል።

በቅርቡ ባጃጅ ተሳፍሮ ሳለ ሾፌሩ መሪው ላይ ባሰረው ስልክ ያንኑ የአቦኮርን ቪዲዮ እያየ ዓይኑን ይጠርጋል።

«ውሸት ነው» አለው ሂርሲ። «ሴትየዋ ሌላ ናት፤ ሰውየውም እሱ አይደለም።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየው። «አንተ ያ በሹፌሩ የቀለድከው ሰውዬ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ አንተን ማን ያምንሃል?» ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገው።

ሂርሲ ይህን የነገረኝ ሻይ ቤት ነው። ተናዶ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን፣ «በዚህ ከተማ የሚያስብ ሰው አንድ አገኘሁ» አለኝ፤ ከዚያ ሻዩ ስኳር በዝቶበታል ብሎ አስተናጋጁን መስደብ ጀመረ።