በግድግዳ በኩል የሚሰማው መዝሙር

ይህ የሆነው ዘንድሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በሦስተኛው ወር ነው። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም። ነገር ግን በሃያ ሰው ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ያን ያህል ፈርቼ ስለማላውቅ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

የምንኖረው ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው፤ እኔና እማዬ ብቻ። ጊታር የተማርኩት በቤተ ክርስቲያናችን የወጣት መዘምራን ውስጥ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ጓደኛዬ የድሮ የፈረንጅ ሮክ ዘፈኖች የሞሉበት ፍላሽ አዋሰችኝ። እማዬ እንኳን ሳትወለድ የተሠሩ ዘፈኖች ናቸው። ጊታሩ እንዴት እንዲያ ሊናገር እንደቻለ ማወቅ ፈለግሁ። አንዱን ዘፈን እያቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ ጣቴ እስኪላጥ ድረስ በጆሮዬ አጠናሁት።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ እየተጫወትኩ መቅዳት ልማዴ ሆነ። ስቱዲዮዬ መኝታ ክፍሌ ነው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ እሰቅላለሁ፤ ስልኬን በተደረደሩ መጻሕፍት ላይ አቆመዋለሁ፤ ከዚያ በአሮጌ ላፕቶፕ ድምፁን አስተካክላለሁ። እማዬ ታውቃለች። ባትወደውም አልከለከለችኝም። የእናቶች ጸሎት ቡድን አስተባባሪ ስለሆነች አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፦ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳይሰማ። እኛ ዘንድ መዝሙር መዝሙር ነው፣ ዘፈን ዘፈን ነው፤ መሃል ላይ የሚቀመጥ የለም። ስለዚህ አልዘፍንም። ጊታሩን ብቻ እቀዳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቀዳሁትን በጆሮ ማዳመጫ ሳዳምጥ ከጊታሩ ሥር ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ዷ፣ ዷ፣ ዷ ይላል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ግድግዳ የምንጋራቸው ጋሽ አንጁሎ ሸማኔ ናቸው። ማጉን በእንጨቱ በመቱ ቁጥር ድምፁ ወደ እኛ ቤት ያልፋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለኖርኩ ጆሮዬ ትቶታል፤ ስልኬ ግን አልተወውም።

ቅጂው ተበላሸ ብዬ ላጠፋው ስል ላፕቶፑ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ድምፅ እዚያ እንደ ተራራ ሰንሰለት ተስሎ ነው የሚታየው። የጋሽ አንጁሎ ምቶች ልክ በዘፈኑ ምት ላይ አርፈዋል። አንዱም አልዘገየ፣ አንዱም አልቀደመ። ያለፈውን ሳምንት ቅጂ ከፈትኩ። ያው ነው። ከዚያ በፊት የነበረውንም አየሁ። ያው ነው።

እኔ ነኝ የምከተላቸው ወይስ እሳቸው ናቸው የሚከተሉኝ? ትምህርት ቤት እንደተማርነው በሙከራ ለማወቅ ወሰንኩ። መጀመሪያ ዘፈኑን እንደወትሮው ተጫወትኩ። ከዚያ ፍጥነቱን ቀነስኩ፤ ምቱም ቀስ አለ። ፈጠን አልኩ፤ ፈጠነ። በመጨረሻ መሃል ላይ ቀጥ አልኩ። ከግድግዳው ማዶ ሁለት ጊዜ ብቻ መታና ዝም አለ። እየጠበቁኝ ነበር። ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰኞ ከክፍል ስመለስ፣ አዲሱ ገበያ ከታክሲ ወርጄ በእግሬ ስደርስ፣ ጋሽ አንጁሎን በራቸው ላይ አገኘኋቸው። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝተው፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ ቤት ከገቡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። እኔና እማዬም ሆስፒታል ሄደን ጠይቀናቸዋል። ስለ ጤናቸው ጠየቅሁና ልገባ ስል ጋሽ አንጁሎ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ሊዲያ ልጄ፣ ያቺ መዝሙርሽ ባትኖር እኮ እነዚያን ሁለት ወራት እዚህ ቤት መቀመጥ አልችልም ነበር።»

የትኛዋ እንደሆነች ጠየቅኋቸው። በአፋቸው አንጎራጎሩልኝ። ያቺው የሮክ ዘፈን ናት።

ነገሩ ገባኝ። ቃል የሌለበት፣ የመዘምራን ልጅ ከምትኖርበት ቤት የሚመጣ ጊታር መዝሙር ካልሆነ ምን ይሆናል? ልነግራቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። እትዬ ማርታም ከገቡ ጀምሮ አልጋቸው ላይ ሆነው «ልጅቷ ዛሬ አልጀመረችም?» እያሉ ይጠይቃሉ አሉኝ። የፊታችን እሑድ ቤታቸው የምስጋና ጸሎት አለ፤ ወንጌላዊው፣ ሽማግሌዎችና የጸሎት ቡድኑ እናቶች ይመጣሉ፤ እኔም ጊታሬን ይዤ ያቺን መዝሙር እንድጫወትላቸው ለመኑኝ።

«እሺ ጋሽ አንጁሎ» አልኩ።

እሺ የምትለዋ ቃል ከአፌ የምትወጣው ሳላስብ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ደብተሬን ሲዋሱኝም እሺ፣ ፈተና ሲደርስ ሳይመልሱልኝ «ነገ» ሲሉኝም እሺ ነው የምለው።

ለእማዬ ስነግራት የያዘችውን ቢላዋ አስቀምጣ ቁጭ አለች። አልተቆጣችም። ዛሬውኑ ሄጄ እንድነግራቸው ብቻ አዘዘችኝ። በዚያ ቀን አልሄድኩም። ረቡዕ ሄድኩ። ጋሽ አንጁሎ እግራቸውን ከሽመናው ዕቃ ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከተው እየሠሩ ነበር። ደስ ብሏቸው ጥለቱን አሳዩኝ። ለእትዬ ማርታ የሚሆን ነጠላ ነው። የጊታሩን ምት እንዴት እንደሚከተሉት ጠየቅኋቸው። «እኔ መች ተከተልኩ፣ እግሬ ነው እንጂ» አሉ። እንዲያ እየሳቁ ሳሉ እንዴት ብዬ ልናገር? ነገ ብዬ ወጣሁ። ዓርብ ስሄድ ደግሞ እትዬ ማርታ ተኝተው ነበር፤ እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ተኝተው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ዘዴ አገኘሁ። በዚያው ፍጥነት የሚሄድ እውነተኛ መዝሙር እጫወታለሁ። ማን ይለየዋል? ውሸት አልተናገርኩም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እሑድ ከሰዓት ቤቱ ሞልቶ ጠበቀን። የሽመናው ዕቃ ተነቃቅሎ ጥግ ይዟል። ጉድጓዱ በሳንቃ ተከድኖ ፍራሽ ተነጥፎበት ልጆች ተቀምጠውበታል። እትዬ ማርታ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው፣ አዲሱን ነጠላ ለብሰው ነበር። ወንጌላዊው ቃሉን አካፈሉ፣ ተጸለየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። መዝሙሩን ጀመርኩ። ሁሉም ስለሚያውቀው አብሮኝ ዘመረ፣ ተጨበጨበ። አበቃ፣ ተገላገልኩ ብዬ ጊታሬን ላስቀምጥ ስል እትዬ ማርታ በደከመ ድምፅ ተናገሩ።

«ይቺ አይደለችም ልጄ። የግድግዳዋን።»

ጋሽ አንጁሎም አዎ፣ አይደለችም አሉ። ወንጌላዊው ፈገግ ብለው «አዲስ መዝሙር ናት ማለት ነው? እንግዲያው ግጥሟን ከፊት ከፊት ንገሪን፤ እየተከተልን እንዘምራለን» አሉኝ።

ሃያ ሰው እኔን እያየ ቃል ሊቀበለኝ ተዘጋጅቷል። እማዬን ፈለግኳት። ጫማዋን እያየች ነበር። እዚያች ደቂቃ ላይ ብዙ ነገር አሰብኩ። ሕመማቸውን ያቀለለላቸው ነገር ዘፈን ነው ብላቸው ምን ይሰማቸዋል? ነገ እማዬ በጸሎት ቡድኑ ፊት እንዴት ትቆማለች? ደግሞስ በእንግሊዝኛ የተዘፈነውን አሁን በአማርኛ መዝሙር አድርጌ ልፈጥር ነው?

«መዝሙር አይደለችም» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር። «የፈረንጅ ዘፈን ናት። ጋሽ አንጁሎ፣ የዚያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። ይቅርታ።»

ከኋላ አንዲት እናት «በኢየሱስ ስም» ሲሉ ሰማሁ። ጋሽ አንጁሎ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ እኔ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«ምን ትላለች?»

አንድ ሰውዬ ሚስቱ ርቃ ሄዳበት ቤቱ ተቀምጦ እንደሚጠብቃት፣ ትመለስ አትመለስ እንደማያውቅ ነገርኳቸው።

ጋሽ አንጁሎ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን አዩ።

«ታዲያ እኔስ ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ምን ሳደርግ ነበር?»

እትዬ ማርታ ከአልጋቸው ሆነው «መጣሁልህ አይደል እንዴ» አሉ። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ቁስላቸውን ደግፈው ይዘው ነበር የሚስቁት።

ወንጌላዊው አልሳቁም፤ ግን አልተቆጡም። ትንሽ አሰቡና ፕሮግራሙን በጸሎት እንዝጋ አሉ። አሜን ከተባለ በኋላ ምግብ ቀረበ። ሁለት እናቶች ሳይበሉ ወጡ። ወንጌላዊው ሳህናቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ፣ ግማሽ ውስጥ ግማሽ ውጭ ሆነው ቆሙ። «እንግዲህ ጸሎቱ አልቋል፤ ለበሽተኛ ደግሞ ይታዘዙለታል» አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ተጫወትኩላቸው። ቃል አልነበረውም። በግድግዳ በኩል እንደሚሰማው አድርጌ ብቻ ተጫወትኩት። ጋሽ አንጁሎ በእግራቸው የሳንቃውን ጫፍ እየመቱ መለሱልኝ።

ያለ ዋጋ አልታለፈም። የመዘምራኑ መሪ እስኪያነጋግረኝ ድረስ ከመድረክ ርቄ እንድቆይ ነግሮኛል፤ እስካሁን አልጠራኝም። እማዬንም በጸሎት ቡድኑ ውስጥ ብዙ ጠይቀዋታል። ምን እንደመለሰች አልነገረችኝም። መናገሬ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ እትዬ ማርታ ተኝተው ሳገኛቸው ደስ ማለቴ ነው። ደግ ለመምሰል ስል ሁለቱን ሰዎች እውነቱን በሃያ ሰው ፊት እንዲሰሙት አድርጌያቸው ነበር። እነሱ ናቸው ያተረፉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ያንኑ ዘፈን እንደገና እየቀዳሁ ነበር። ጋሽ አንጁሎም ከማዶ ሥራቸውን ይዘዋል። እማዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ገባች። ክፍሌ ውስጥ ስቀዳ ገብታ አታውቅም።

«ያ ሰውዬ ግን» አለችኝ፣ «መጨረሻ ላይ ሚስቱ መጣችለት?»

ዘፈኑ አይናገርም አልኳት።

«ምስኪን» አለችና ወደ ማድ ቤት ተመለሰች።

መቅጃውን አላጠፋሁትም ነበር። በኋላ ሳዳምጠው ጊታሩ መሃል ላይ ቆሞ፣ ከማዶ ሁለት ጊዜ ዷ፣ ዷ ብሎ፣ ከዚያ የእማዬ ድምፅ ይመጣል። ለሰው የማሰማው ቅጂ አይደለም። ግን እስካሁን ከቀዳኋቸው ሁሉ ደጋግሜ የማዳምጠው እሱን ነው።