ሣር ይዤ የታሰርኩ ቀን

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ስንቱ እስረኛ ጀርባውን እንዳስደገፈበት እንጃ፣ ቀለሙ ተልጦ ሲሚንቶው ወጥቷል። ሽታው በረኪና እና ሽንት ነው። ወለሉ ላይ አንድ ግራጫ ብርድ ልብስ ተጥሏል። ወንበር የለም።

«ግቢ፣ ጎጎ» አለችኝ ፖሊሷ። ጎጎ እዚህ አገር አያት ማለት ነው፤ ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ ከሚባለው የልጄ ትንሽ ሱቅ ዳቦ የሚገዛ ሁሉ የሚጠራኝ በዚሁ ነው። ከዚያ በእጄ የያዝኩትን ሣር ስጪኝ አለችኝ። ሰጠኋት። የት እንደምትጥለው ግራ ገባትና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

የታሰርኩት በዚያ ሣር ነው። ከመነሻው ልንገራችሁ።

ከሱቃችን አጠገብ የምትኖር ጎረቤት አለችኝ፤ የዚሁ አገር ሰው ናት፣ ባሏ የሞተባት። ወንድ ልጇ ወታደር ነው። ኮንጎ ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚዋጉትን ለማስቆም መንግሥት ጦር ይልካል ተባለና ልጁ ከሚሄዱት አንዱ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ እህል እምቢ አላት። የወታደር እናቶች ጦር ሰፈሩ በር ላይ ሰልፍ ሊወጡ ነው ስትለኝ «አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት። ልጄ ሱቅ ውስጥ ሸቀጥ እየደረደረ ነበር፤ አልነገርኩትም። እኔ መዞር እወዳለሁ። አንድ ጊዜ ጀፕስታውን ወደሚባለው የጅምላ ገበያ ዕቃ ሊያወጣ ሲሄድ ተከትዬው፣ የጨርቅ ሱቆቹን ሳይ ሳይ ጠፍቼበት ቤት ያደረሰኝ ፖሊስ ነው። ከዚያ ጀምሮ ብቻዬን ስወጣ ደስ አይለውም።

እዚያ ስንደርስ ሰልፉ ሁለት ሆኖ ጠበቀን። በዚህ በኩል እናቶቹ «ልጆቻችንን አትላኩ» ይላሉ። ከመንገዱ ማዶ የኮንጎ ስደተኞች «ላኩ፣ ድረሱልን» ይላሉ። ስድብ ሆነ፣ ግፊያ ሆነ፣ ፖሊስ ገባ። በዚህ መሀል የጦር ሰፈሩ በር ተከፍቶ ወታደር የጫነ መኪና ብቅ አለ።

እኔ የጋሞ ሰው ነኝ። እኛ ተራራ ላይ ሰው ከሰው ሊጋደል ሲል ሽማግሌ እርጥብ ሣር ነቅሎ መሀል ይገባና ይንበረከካል። ሣር የያዘ ሽማግሌን ረግጦ የሚያልፍ የለም፤ የተመዘዘ ጦር ይመለሳል። ሥራው የወንዶች ነው፤ ፓስተራችንም የድሮ ልማድ ነው ብሎ አይወደውም። ያን ቀን ግን እዚያ የነበርኩት ጋሞ እኔ ብቻ ነኝ። ከበሩ ጎን ከተተከለው ሣር በሁለት እጄ ነቀልኩና አስፋልቱ ላይ ተንበረከክሁ።

መኪናው ቆመ። እነዚህም ሣር ያውቃሉ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። አያውቁም። ሁለት ፖሊሶች በብብቴ ይዘው አነሱኝና ከእጄ የወደቀውን ግማሹን ሣር እየረገጡ አለፉ። ጎረቤቴ «አሮጊት እንዲህ ይያዛል?» ብላ ብትጎትታቸው እሷንም ያዟት። ከማዶ በኩል ደግሞ የፖሊሱን ኮፍያ የጣለች አንዲት የኮንጎ ሴት ነበረች። ሦስታችንን አንድ መኪና፣ በኋላም አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡን።

ኮንጎዋ ፀጉር ሠሪ ናት። የዙሉ ቋንቋዋ እንደኔው የተሰባበረ ነው፤ ስትናደድ ግን ይቃናላታል።

«ያንቺ ልጅ ደመወዝ ይበላል» አለቻት ጎረቤቴን። «የእህቴ ልጆች ጫካ ውስጥ ቅጠል ይበላሉ።»

«ቤታቸውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ?»

«ወታደር ካልተዋጋ ምን ይሠራል? በበዓል ቀን ከበሮ ሊመታ ነው?»

«የራሳችሁ ወንዶችስ? ሁሉም እዚህ ተቀምጦ ጢሙን ያስተካክላል።»

ሁለቱም ተነሱ። እኔም ጉልበቴን ይዤ ተነሳሁና መሀላቸው ቆምኩ።

«አንቺስ ጎጎ፣ ምን አግብቶሽ ነው?» አለች ኮንጎዋ። «አገርሽ አይደለም። ልጅሽም አልሄደ።»

«ገላጋይ ዱላ ይዞ ከገባ ሦስተኛ ተደባዳቢ ነው፤ እኔ የያዝኩት ሣር ነው» አልኳት።

ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «የእህቴን ቤት ያቃጠለው ሰው ሣርሽን ለፍየሉ ነው የሚያበላው።»

«በእኛ አገር ሣሩን የሚይዘው ሽማግሌው ራሱ ነው» አልኳት። «ልጁን አይልክም፤ የጎረቤት ልጅማ ጭራሽ። የሚወጋ ቢኖር መጀመሪያ የሚወጋው እሱ ነው። እነዚህ እናስቆማለን የሚሉት ትልልቆች የማንን ልጅ ላኩ? የዚችን። የራሳቸውስ የት ነው?»

«የራሳቸው ለንደን ይማራል» አለች ኮንጎዋ።

ጎረቤቴን ሳቅ አመለጣት። ኮንጎዋም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ እንደገና ተቋጠረ። «ቢሆንም ወታደሮቹ ወደ አገራችን ይምጡ» አለች ቀስ ብላ። «የማንም ልጅ ይሁን፣ ይምጣ።» ጎረቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልተስማማንም። ብርድ ልብሱን ግን ለሦስት ተካፈልነው።

ከሰዓት በኋላ ልጄ መጣና ወደ አለቃው ጠረጴዛ ጠሩኝ። አለቃው ረጋ ያለ ሰው ነው፤ አልጮኸብኝም። ለልጄ በዙሉ ነገረው፦ አሮጊቷ መንገድ ጠፍቷት ጎረቤቷ አታልላ አመጣቻት ከተባለ አሁኑኑ ይዘሃት ሂድ፤ የሚጠየቁት ሁለቱ ይሆናሉ። ካልሆነ እሷም ፍርድ ቤት ትቀርባለች፣ ፔፐሯም ይመረመራል። ፔፐር የምንለው የጥገኝነት ወረቀታችንን ነው። እሱን ከወሰዱብህ እዚህ አገር የለህም።

ልጄ በጋሞኛ «እማዬ፣ ጠፍቶኝ ነው በይ» አለኝ። «አንድ ቃል ናት።»

«ጎረቤቴስ?»

«እሷ በአገሯ ናት። አንቺን ግን ዲፖርት ያደርጉሻል።»

«አልጠፋሁም።»

ወደ አለቃው ዞረና በዙሉ «መንገድ ጠፍቶኝ ነው፣ ጎረቤቴ ናት ያመጣችኝ ትላለች» አለው። ላብ በግንባሩ ይወርዳል። ለእኔ ብሎ መዋሸቱ አንጀቴን በላኝ። ግን ያ ሁሉ ጊዜ የሱቁ መስኮት ላይ የተቀመጥኩት ጆሮዬን ደፍኜ አይደለም።

«ቻ» አልኩ። ቻ ማለት አይደለም ማለት ነው፤ ዳቦ ባለቀ ቁጥር የምላት ቃል ናት። የቀረውንም እንደምንም በዙሉ ቀጠልኩ። «አልጠፋሁም። ማንም አላመጣኝም፤ በታክሲ፣ በራሴ ፈቃድ ነው የመጣሁት። መኪናውን ላስቆም ብዬ ነው የተንበረከክሁት። ነገም ከወጣ ነገም እንበረከካለሁ።»

አለቃው ልጄን አየው። ልጄ ወለሉን አየ።

«ጎጎ፣ የምትዪው ይገባሻል?» አለኝ አለቃው።

«ይገባኛል። ለልጄም ንገረው፣ እንደተናገርኩት ያስተርጉም።»

ፖሊሷ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ ሳቋን አፍና ነው። ወደ ክፍሉ ልትመልሰኝ ክንዴን ስትይዝ «ተዪኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አልኳትና ፊት ፊት ሄድኩ።

በማግሥቱ ፍርድ ቤት ወሰዱን። ዳኛዋ ሦስታችንንም ገሥጻ ለቀቀችን። ፔፐሬን ሳሳድስ ከዱሮው ያጠረ ጊዜ ሰጡኝ። ልጄ ብዙ ጊዜ አኮረፈኝ። መኪናው እንደሆነ እኔን ከመንገድ እንዳነሱኝ ሄዷል።

የጎረቤቴ ልጅ ከነነፍሱ ተመልሷል፤ ስለዚያ አገር ሲጠይቁት ግን ተነስቶ ይወጣል። የኮንጎዋ እህት እስካሁን ወሬዋ የለም። ሁለቱንም አስባለሁ። ማን ልክ ነበር ለሚለኝ፣ የሚልክ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይሂድ እላለሁ፤ ከዚያ በላይ አላውቅም።

ስለ ጦሩ ሰልፍ ሲጠራ አሁንም እሄዳለሁ። ኮንጎዋም ከማዶ ትመጣለች። ጩኸቱ ከመጀመሩ በፊት መንገዱን ተሻግራ ትስመኛለች፣ ጤናዬን ትጠይቀኛለች፣ ስለ እህቷ እጠይቃታለሁ። ከዚያ እሷ ወደ ወገኖቿ ትመለሳለች፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ሣሬን እነቅላለሁ።