መታጠቢያ ቤት ያደገው ዛፍ

ሎስ አንጀለስ፣ ፓልምስ ሰፈር ያለው የአፓርታማዬ መታጠቢያ ገንዳ ውኃ አላወርድ ካለኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ለሕንፃው ማኔጀር አንድ ስልክ መደወል በቂ ነው፤ እኔ ግን ለዚህች ለትንሽ ነገር ሰው ማስቸገር ምንድነው እያልኩ በባልዲ ስታጠብ ከረምኩ። ባለፈው ቅዳሜ ራሴ ልሞክረው ብዬ የቱቦውን ክዳን ሳነሳ፣ የረጠበ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል የሚመስል ሽታ ወጣና አፍንጫዬን መታኝ። በአርባዎቹ አጋማሽ ያለሁ ሴትዮ የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ሳሎን ያሉት ሰው እንዳይሰሙኝ አደርገው እንደነበረው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጀርባ፣ አራት ቤት ባለው አሮጌ ሕንፃ የታችኛው ፎቅ ላይ ነበር። አባዬ ዊልሻየር መንገድ፣ አንድ የሐኪሞች ሕንፃ ሥር የታካሚዎችን መኪና እየተቀበለ ፓርክ ያደርግ ነበር። የመኪናቸውን ቁልፍ ለእሱ ብቻ የሚሰጡ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ነበሩ። ከቀዝቃዛ አገር፣ ከእናታቸው ግቢ ባመጡት ፍሬ ያበቀሉትን ችግኝ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ሲሉ በባልዲ አድርገው ለአባዬ አስረከቡት። ቢች የሚባል ዛፍ ነው፣ አሉት፤ አደራቸውም አንድ ብቻ ነበር፣ መሬት ውስጥ እንዲተክለው። አባዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃል ገባና ባልዲውን ታቅፎ በአውቶቡስ መጣ።

አማርኛ ስም የለውም፤ እኛም ዝም ብለን «ዛፉ» እንለው ነበር። ግንዱ ግራጫ ነው፣ እጅን እየጠራ የሚያስዳስስ ልስላሴ አለው። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ቅጠሉ እንደ ተጣጠፈ ቀሚስ ተሸብሽቦ ይወጣና በሁለት ቀን ውስጥ ይዘረጋል፤ ጠርዙ ላይ ያለችው ስስ ጸጉር የምትታየው ብርሃን ከጀርባው ሲመጣ ብቻ ነው። በብርዱ ወራት ቅጠሉ ደርቆ ቡናማ ይሆናል፣ ግን አይረግፍም፤ አዲሱ እስኪመጣ እስከ መጋቢት ድረስ እየተንኮሻኮሸ ከቅርንጫፉ ጋር ይቆያል። የሎስ አንጀለስ ፀሐይ ግን ጠላቱ ነው። አባዬ ትልቅ የፕላስቲክ የአበባ ማሰሮ አግኝቶ ጎማ ባለው ጣውላ ላይ ጫነውና፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥላ እየተከተሉ መግፋት የእኔ ሥራ ሆነ። ጓደኞቼ ባሕር ዳርቻ ሲሄዱ እኔ ጥላ ስጠብቅ ዋልኩ።

ለምን እንዳልተከለው? ሊዙን፣ የኪራይ ውሉን፣ በመዝገበ ቃላት እያነበበ፣ ግቢ ውስጥ ምንም ነገር ማስቀመጥ አይቻልም የምትል መስመር ስላገኘ ነው። አከራያችን ሚስተር ሃኮብ የሚባሉ፣ ግሌንዴል የሚኖሩ አርመናዊ ሽማግሌ ነበሩ።

«ለምን አትጠይቃቸውም?» አለችው እማዬ።

«ቤት ሰጥተውን ደግሞ መሬት ስጡኝ ልበል? ነውር ነው። የራሳችንን ቤት ስንገዛ እንተክለዋለን።»

ሚስተር ሃኮብ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሕንፃውን ሊያዩ ይመጡ ነበር። መኪናቸው ጥግ ላይ ስትታይ እኔና ዛፉ መታጠቢያ ቤት እንገባለን፤ በሩን ከውስጥ እቆልፋለሁ፤ ድምፅ ከተሰማ ሻወሩን እከፍታለሁ። ሰውየው አምስት ደቂቃ አይተው መሄድ ነበር ሐሳባቸው። እማዬ ግን ሰው ሳይቀምስ ከቤቷ ሲወጣ አትወድም። አንድ ጉርሻ፣ ደግሞ አንድ፣ ሻይ ይድገሙ፣ ትንሽ ይጫወቱ እያለች ሁለት ሰዓት ታስቀምጣቸዋለች። እኔ እዚያች መስኮቷ በቀለም በተደፈነች ክፍል ውስጥ፣ ቅርንጫፍ አንገቴን እየወጋኝ፣ ወላጆቼ በልባቸው ቶሎ በሄዱልን የሚሏቸውን ሰው ብሉልን እያሉ ሲለምኑ እሰማለሁ።

ዛፉም እኔም አደግን፣ ክፍሏ ግን አላደገችም። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ጫፉ ጣሪያ ነካ፤ አባዬ በነጠላ ጥለት ቅርንጫፎቹን አጥፎ ያስራቸው ጀመር። ጠላሁት። ቅጠሉን አንድ በአንድ እየቀነጠስኩ ገንዳው ውስጥ የጣልኩበት ቅዳሜ አለ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። ሚስተር ሃኮብ አንድ ጊዜ የተደፈነ ቱቦ ራሳቸው ጠገኑልን፤ ምንም አላሉም። በዚያው ዓመት ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ሲያስለብሱ፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ ያለበት የኋላው ግንብ ሥር አንድ አራት ማዕዘን አፈር ብቻ ቀረች። ሲሚንቶ አልቆባቸው ነው ብለን ሳቅን።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተናዬ ከዚያች ከወሩ ቅዳሜ ጋር ገጠመ።

«ሌላ ቀን አድርጊዋ። ሶ ምናለበት?» አለ አባዬ።

«እኔ አልታሰርም» አልኩት። ዛፉን ግቢው መሃል እንደ ቆመ ትቼ ወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም።

ፈተናውን አልፌ ስመለስ አባዬ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አዩት» አለኝ። «ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ ‹በመጨረሻ አወጣኸው› አሉኝ። ቱቦውን ሲጠግኑ ቅጠሉን አግኝተውት ነበር። ያቺን አፈር ለእሱ ነው የተዉለት። ‹ለምን አልነገሩኝም?› ብላቸው፣ ‹የደበቅከውን ነገር አየሁብህ ልልህ አፈርኩ› አሉኝ።»

ይህን ሁሉ ሲያወራ ወደ እኔ አላየም።

በማግሥቱ ማሰሮውን በመጋዝ ሰነጠቅነው። ሥሩ መውጫ አጥቶ ሰባት ዓመት በራሱ ላይ እየዞረ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ፣ የማሰሮውን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። አባዬ በጣቱ ሊፈታው ሞከረ፤ እምቢ ሲለው እንዳለ ተከለው። ሁለት በጋ ቆየ። በሦስተኛው ዓመት ብርድ እንደ ልማዱ ቅጠሉ ደረቀ፣ እንደ ልማዱም አልረገፈም። መጋቢት መጣ፣ ሚያዝያ መጣ። አባዬ «ገና ነው» እያለ የሞተ ዛፍ እስከ ሰኔ ድረስ ውኃ አጠጣ። የራሱን ቤት ሳይገዛ አረፈ።

ያን የቱቦ ሽታ ባሸተትኩ ማግሥት ፌርፋክስ ሄድኩ። ሕንፃው አለ። ሚስተር ሃኮብ ከሞቱ ቆይተዋል፤ አዲሱ ባለቤት ያቺን አፈር ሲሚንቶ አልብሷታል፣ ቀለሙ ከሌላው ትንሽ ስለሚነጣ ቦታዋ ይታወቃል። ለድሮ በራችን ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩና እስከዚያች ቦታ እየቆጠርኩ ተራመድኩ። ዘጠኝ እርምጃ ናት። አላመንኩም፤ ተመልሼ ደገምኩት፤ ዘጠኝ።

እዚያው ነጣ ያለው ሲሚንቶ ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁና የገንዳዬን ነገር ልነግረው ለራሴ ሕንፃ ማኔጀር ደወልኩ። ወዲያው አነሳው፤ ድምፁም ደስ የሚል ነበር፣ ምን ልርዳሽ አለኝ።

«ኖ፣ ኖ፣ ምንም አይደለም» አልኩት። «ደህና መሆንህን ልጠይቅህ ብዬ ነው።»