የሠርጉ ማገዶ

ዘቢደር ለገዛ ባሏ ሠርግ ማገዶ የለቀመች ሴት ናት። በበየዳ ይህን የማያውቅ የለም፤ ደፍሮ የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው።

ከክንዴ ጋር ብዙ ዘመን ኖራ አልወለደችም። ሽማግሌ ተቀምጦ አፋታቸው፤ ዘመድ ስላልነበራት መሄጃ እስክታገኝ ተብላ ጓዳ ቀረች። በጥር ክንዴ ገበያነሽ የምትባል ልጅ እግር ሊያገባ ድንኳን ጣለ።

«ማገዶ አንሷል፤ ወደ ተራራው ውጪና ያንን እሾሃም አምጪ» አላት።

እሾሃሙ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ብርዳም ከፍታ ላይ የሚወጣ ቁጥቋጦ ነው። ነጭ አበባው ደርቆም አይረግፍም፤ እንጨት የጠፋበት አገር ሰው ምን ያድርግ፣ እሱን ያነዳል። ዘቢደር ቆርጣ፣ አስራ፣ ልትሸከም ስትነሳ ውርጭ የያዘው ድንጋይ አዳለጣትና እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰበረ። የድንኳኑ ዘፈን እሷ ዘንድ ይደርሳል፤ የሷን ጩኸት ግን ማን ይስማው?

ከቀትር በኋላ ክንዴ አህያ እየነዳ መጣ። ስታየው ደስ አላት።

«ክንዴ፣ እግሬን!»

«አየሁት» አለ። ጎንበስ ብሎ እስሩን አነሳና አህያዋ ላይ አጠበቀው። «ወጡ ጥሬ ነው፣ እንግዳ ተቀምጧል። ሰው እልካለሁ።»

የተላኩት ሲደርሱ ፀሐይ ጠልቃ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

ደባርቅ ሐኪም ቤት ትወሰድ ያሉ ነበሩ፤ ሠርጉ ይለፍ ተባለ። ሠርጉ ሲያልፍ መልሱ መጣ። ወጌሻ እግሯን አሰረላት፤ አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። ሽማግሌዎቹ ክንዴን በዚህ ገሠጹት፤ ከዚያ ወዲህ ፊቷን ማየት ያፍራል።

ማገዶ መልቀሙም የገበያነሽ ሥራ ሆነ። በመልሱ ቀን ዘቢደርን «አንካሳዋ» ብላ የሳቀችባት ልጅ አረገዘች፤ ክንዴ ግን አልማራትም። አንድ ቀን እጇ በእሾህ ተበሳስቶ ገባች።

«እትዬ ዘቢደር፣ እሾሁን ይንቀሱልኝ» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም፣ «ሆዴን ይቆርጠኛል። ነገ እንዳልወጣ ይንገሩልኝ፤ እርስዎን ያፍራል።»

«ነገም ትወጫለሽ!» አለ ክንዴ ከደጅ።

ገበያነሽ ዓይኗን ዘቢደር ላይ ተከለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ ያ ሳቅ ትዝ አላትና ዋጠችው።

«እጅሽን ዘርጊ» አለቻትና መርፌውን ከእሾሁ አልፋ ወጋቻት።

በማግስቱ ገበያነሽ ወጣች። ፅንሱ እዚያው ተራራው ላይ ወረደ።

አሁን ሁለቱ ሴቶች አንድ ምድጃ ይሞቃሉ። አይነጋገሩም።