አልተገኘም

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ቀርቶታል። ልጄን አዝዬ፣ ከባሌ ጋር ባሕር ዳር ወደምንከታተልበት ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ጡት አስጥያታለሁ፤ የመጨረሻው የኤች አይ ቪ ምርመራዋ ነበር። ቫይረሱ በእኔ ደም ውስጥ አለ። በባሌ የለም፤ አውቆ ነው ያገባኝ። በእሷስ? እግዚአብሔር ያውቃል።

ሲስተሯ ከልጄ ጣት ደም ወስዳ ወጣች። ባሌ ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ይነዳል፤ ሲጨንቀው ያወራል።

«አይዞሽ፣ ደሟ የእኔ ነው። የእኔ ደም መራራ ነው፤ የጣና ቢምቢ እንኳ ቀምሳ ትተፋኛለች።»

«ዝም በል፣ ልጸልይበት።»

ሲስተሯ ተመለሰች። ጭምብል አድርጋለች፤ ፊቷ አይታይም።

«አልተገኘም» አለች።

ውጤቱ የጠፋ መሰለኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ባሌ ብድግ አለ።

«እንዴት አይገኝም ሲስተር? አሁን ይዘሽው ወጥተሽ! ጠረጴዛው ሥር ፈልጊው እንጂ!»

«ምኑን?»

«ውጤቱን ነዋ!»

ጭምብሏን አውርዳ ሳቀች።

«ኧረ ቫይረሱ ነው ያልተገኘው! ልጃችሁ ነጻ ናት!»

«ደሜን አላልሁሽም?» ብሎ ደረቱን ነፋብኝ።

«የእርስዎ ደም አይደለም» አለችው ሲስተሯ። «ሚስትዎ ክኒኗን ስላላቋረጠች ነው። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እጅግ አንሷል። ለእርስዎም፣ በወሊድና በጡትም ለልጅዎ ያልተላለፈው በዚህ ነው። ሚስትዎም ጤነኛ ሆና የኖረችው በዚሁ ነው።»

«ቢምቢዋስ ታዲያ?»

«ቢምቢዋን እኔ አላውቃትም!»

የንስሐ አባቴ ትዝ አሉኝ። ነፍሰ ጡር ሳለሁ «አባ፣ ክኒኑ ጾም ይሽራል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ጸበሉም የእሱ፣ ክኒኑም የእሱ። ዋጪ፣ ልጄ» አሉኝ። ዕድሜ ይስጣቸው።

እልልታ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ደጅ ሰው ተሰልፏል፤ እልል ካልሁ «ምን አገኘች?» ሊሉ ነው። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎሰጎስሁት። ባሌ አይቶኝ ከት ብሎ ሳቀ። ልጂቱም ሳይገባት ሳቀች። ጤና ጣቢያውን ለቅቀን፣ የሐይቁን ዳር ይዘን፣ ዝናቡ እየመታን ቤት እስክንገባ ሳቅን።

በማግስቱ ጠዋት ክኒኔን ዋጥሁ፤ ልጄን አዝዬ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ታቦቱ ሲወጣ ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እዚያ ማንም ማንንም «ለምን?» አይልም። ድምፄ እስኪዘጋ እልል አልሁ።